ግራኙ ባለሱቅ

እናቴ ቤት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ብስኩቱ ካለቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አሁን የቤተሰቡ ፎቶ ነው ያለበት። ከነዚያ ውስጥ አራቱ ደብረ ማርቆስ የነበረው የአያቴ ሱቅ ናቸው። ማለትም ሦስቱ። አራተኛውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ፎቶዎቹ ከመዳፍ አይበልጡም። ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው። ከአንዱ ጀርባ በእስክሪብቶ "1949 ዓ.ም" ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው የሱቁ ደጃፍ ነው። ሦስት የድንጋይ ደረጃ፣ ሁለት ተካፋች ያለው የእንጨት በር፣ ግድግዳው ላይ የበቅሎ ማሰሪያ የብረት ቀለበት፣ ከፊቱ ወደ ቀኝ የሚወርድ ቁልቁለት። ሁለተኛው ላይ ሴት አያቴ፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ እናቴን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሦስተኛው የቤቱ ጌጥ ነው። አያቴ ኮት ለብሶ ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። በግራ እጁ የእጅ ሚዛን አንጠልጥሏል። ፊቱ ኮስተር ያለ ነው፤ ስኳር ሳይሆን ነፍስ የሚመዝን ይመስላል።

ይህ ፎቶ ለኔ ባለውለታዬ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ። አንደኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዬ ግራ እጄን በማስመሪያ ይጠበጥበው ነበር። አንድ ቀን እምዬ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልላ ትምህርት ቤት መጣች። "ይኸው! ሚዛኑን በየትኛው እጁ ነው የያዘው? በግራው እየመዘነ አንድ ሰው አላጭበረበረም። ልጁ በአያቱ ወጥቶ ነው" አለችው። ከዚያን ቀን በኋላ አልተመታሁም። አያቴ እናቴ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው የሞተው። ስለሱ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ግራኝነቱን ነው።

እናም ሱቁ አሁንም ቆሞ እንደሆነ ለማየት ሄድኩ። ያኔ በየቀኑ የጻፍኩት ይኼው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2011

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ። ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥምቀት ገና ማለፉ ስለሆነ አውቶቡሱ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት በሚመለስ ሰው ጢም ብሏል። ከጎኔ አንዲት የማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀመጠች። ፎቶዎቹን ሳወጣ ሰረቅ አድርጋ አየች።

"አሪፍ ፊልተር ነው። የምን አፕ ነው?" አለችኝ።

"የ1949" አልኳት።

ሱሉልታን፣ ጫንጮን አልፈን ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይ ሞቅ ብሏል። ከዚያ ዓባይ በረሃ ነው። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ትወጣለህ። ጋቢ ለብሶ የተሳፈረው ሁሉ ታች ሲደርስ አወለቀ፣ ደጀን ሲደርስ መልሶ ለበሰ። ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩትን የህዳሴ ድልድይ ስንሻገር አሮጌውን ከጎኑ አየሁት። እምዬ በ1968 እናቴን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ስትሰደድ የተሻገረችው በዚያ ነው። ተማሪዋ ተኝታ ነበር፤ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ከደጀን በኋላ ያለው አገር ሌላ ነው። ሜዳ ነው። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጭዱ በየውድማው ተከምሯል። የአዲስ አበባ ሰው "የጎጃም ነጭ ጤፍ" ሲል ዋጋውን ነው የሚያስበው። እዚህ ግን መልክ አለው።

ማርቆስ ከቀትር በኋላ ገባሁ። ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ። ራስ አዳል፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት፣ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ነው ስሟ በታቦቱ የተተካው። እምዬ ግን እስክትሞት "መንቆረር" ነበር የምትለው፤ በተለይ ስትናደድ።

እናቴ የሰጠችኝ አቅጣጫ እንዲህ ይላል፦ "ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ ስትወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ።" በቃ። ከአገሯ ስትወጣ ትልቅ ልጅ ነበረች፤ ግን የምታስታውሰው የዳቦውን ሽታና የጎረቤቱን ውሻ ነው። ሱቁ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ አታውቅም። "ፎቶውን እየው እንጂ" አለችኝ።

አየሁት። ደጃፉ ላይ ቆሞ መንገዱን ለሚያይ ሰው፣ ፎቶው እንደሚለው ከሆነ፣ ቁልቁለቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው ሊገጥም የሚችለው። ስለዚህ የመንገዱን አንዱን ጎን ያዝኩና ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። ፎቶውን ከፍ አድርጌ ከየቤቱ ጋር አስተያያለሁ። አላፊ አግዳሚው መሬት ለመውሰድ የመጣሁ መሰለው። አንድ ባለ ባጃጅ ቆሞ "ወንድሜ፣ ካርታ ነው?" አለኝ። ፎቶ ነው ስለው ወረደ። ከዚያ ሊስትሮው መጣ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስምንት ሰው አንዲቷን ፎቶ ተቀባበላት።

"ይኼ የእንትና ሆቴል ቦታ ነው።"

"ምነው ሸዋ! ያ እኮ ያኔ አጥር ነበር።"

"ደረጃው የፖስታ ቤት ነው የሚመስል።"

ሁሉም እርግጠኛ ነበር። ሁሉም የተለያየ ቤት አሳየኝ። አንዱም ሦስት ደረጃ የለው፣ አንዱም ቀለበት የለው።

ከሰዓት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በአዋጅ 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የእምዬም ሱቅ አብሮ ተወስዷል። ያኔ ራሷ መነገዱን ትታ ለልብስ ሰፊ አከራይታው ነበር። የተከራየ ቤት ደግሞ ትርፍ ነው። እና የቤቱ ቁጥር በሆነ መዝገብ ላይ ይኖራል ብዬ ነው። አንድ ትሑት ወጣት በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ደብዳቤ እንዳመጣ ነገረኝ። ከየት? ከሚመለከተው አካል። የሚመለከተው አካል ማነው? እሱን ደብዳቤው ላይ ታገኘዋለህ የሚል ፊት አሳየኝ። አልፈረድኩበትም።

ጾም ነው። ሽሮ በላሁና ተኛሁ። አልደብቅም፣ ከፍቶኛል። ቤቱ ፈርሷል ብዬ ደምድሜያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ባለ ባጃጁ ጠዋት ሆቴሌ ድረስ መጣ። ሌሊቱን ሲያስብበት አድሯል። "ፎቶን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ነው" አለ። ይህን ለማሰብ አዲስ አበባ ድረስ የተማርኩት እኔ አልቻልኩም።

የወሰደኝ አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ነው። አሁን ልጃቸው በኮምፒውተር ጉርድ ፎቶ ያወጣበታል። ሽማግሌው ራሳቸው ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሰባ አምስት ይሆናቸዋል። ሥራ የጀመሩት በ1955 በተላላኪነት ስለሆነ የኔን ፎቶዎች ያነሱት እሳቸው አይደሉም። ግን ፎቶውን እንደ ሐኪም ነው የተቀበሉኝ። ፊቱን ከማየታቸው በፊት ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ አሸተቱት። አዎ፣ አሸተቱት።

"በደንብ አልታጠበም። ለዚህ ነው ዳር ዳሩ ብር ብር የሚለው" አሉ።

ከዚያ የአያቴን ፎቶ አንስተው በማጉያ መነጽር ብዙ ቆዩ። ሳቅ አሉ።

"አያትህ የሴት ኮት ነበር የሚለብስ?"

"ምን አሉኝ ጋሼ?"

"ቁልፉን እየው። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረብ። የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የደረት ኪሱስ? የወንድ ኪስ በልቡ በኩል ነው፣ በግራ። ይኼ እስክሪብቶውን በቀኝ ሰክቷል።"

ገና አልገባኝም። ሽማግሌው ታገሱኝ። ልጃቸውን ጠርተው ከመሳቢያ አንድ የቆየ ፊልም አስመጡ። አንድ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ አንድ ፊቱ ፈዘዝ ያለ ነው። ምስሉ ያለው በፈዛዛው ላይ ነው። ወረቀት ላይ ሲታተም ፈዛዛው ወደ ወረቀቱ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ግን ቀኙ ግራ ይሆናል። በመስታወት እንደማየት ነው። "ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ስትሠራ፣ ጀማሪ ከሆንክ፣ ትስታለህ። እኔን ጌታዬ በጥፊ ነው ያስተማረኝ" አሉ። ፊደል ያለበት ፎቶ ቢሆን ወዲያው ይታወቅ ነበር። የአያቴ ሱቅ ግን የስም ሰሌዳው ፎቶው ውስጥ አልገባም። መደርደሪያው ላይ ካሉት ጣሳዎች አንዱ ግን ጽሑፍ አለው፤ ከምስር አይበልጥም። በማጉያው ሳየው ፊደሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

አሁን አራተኛውን ፎቶ ልንገራችሁ። አንድ የማናውቀው ሰው በቅሎ ይዞ ቆሟል። ከኋላው በርና ደረጃ ይታያል፣ ቁልቁለቱ ግን ወደ ግራ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት "የሌላ ሰው ሱቅ" ይባላል። የያዝኩትም እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው። ሽማግሌው ከመጀመሪያው ፎቶ ጎን አስቀመጡት። በቅሎዋ የታሰረችው ቀለበት ላይ ነው። ያው ቀለበት፣ ከበሩ ማዶ ጎን። ሦስቱ ፎቶዎች ከአንድ ፊልም ናቸው፤ ፊልሙ እንዳለ ተገልብጦ ነው የታጠበው። አራተኛው በሌላ ቀን፣ በትክክል ታጥቧል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ትክክለኛውን ፎቶ የሌላ ሰው አድርገን፣ የተገለበጠውን ስንሳለም ኖርን ማለት ነው።

ሒሳብ ስጠይቃቸው ተቆጡኝ።

ስልኬ ላይ ምስሉን አገላበጥኩና ከባጃጁ ጋር ወደ ቁልቁለቱ ተመለስን። አሁን በመንገዱ በሌላኛው ጎን። ሩቅ አልሄድንም። ትናንት ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ጥላው ሥር ቆሜ ውኃ የጠጣሁበት ቤት ነው።

ከሦስቱ ደረጃዎች ሁለቱ ብቻ ይታያሉ። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ አንዱን ውጦታል። የእንጨቱ በር በላሜራ ተተክቷል። ጭቃው ግድግዳ ሲሚንቶ ተለስኖ አረንጓዴ ተቀብቷል። ቀለበቱ ግን አለ። እሱም አረንጓዴ ተቀብቷል! የቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ተንጠልጥሎበታል።

ቤቱ ዛሬም የቀበሌ ነው። ውስጡ አንዲት ልጅ የሞባይል ዕቃ ትሸጣለች። ፎቶውን ሳሳያት መጀመሪያ ፈራች። ቤቱን ሊያስመልስ የመጣ መስያት ነው። ይህን ፍርሃት ለማስታገስ ከሷ ቻርጀር ገዛሁ። የማያስፈልገኝን። ከዚያ ቀስ በቀስ አሳየችኝ። ባንኮኒው የነበረበት ቦታ ላይ መስታወት ያለው ሳጥን አለ። እዚያ ቆሜ ባጃጁ ፎቶ አነሳኝ። ምን ልያዝ? ቻርጀሩን በግራ እጄ አንጠለጠልኩ።

ከላይ ያለው ጎረቤት አንድ ነገር ነገረኝ። ያኔ ከሱቁ ጎን ትኖር የነበረች፣ አሁን የመነኮሰች አሮጊት አሉ። ደምበጫ ልጃቸው ዘንድ ናቸው።

ዓርብ፣ ጥር 17

ደምበጫ በሚኒባስ ቅርብ ነው። በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ የሚኒባሱ ረዳት የት እንደምወርድ ሳይሆን ስንት ጠርሙስ እንደምይዝ ነው የጠየቀኝ።

እማሆይን ከልጃቸው ግቢ አገኘኋቸው። ወደ ሰማንያ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ደጋግመው ሳሙኝ። "የሷ የልጅ ልጅ! አፈር ስሆን ቁጭ በል። ጾም ነው እንጂ..." እያሉ። ልጃቸው ቆሎ አቀረበ። እማሆይ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውኃ አይቀምሱም፤ እኔን ግን ብላ አሉ፣ መንገደኛ ነህ ብለው።

ስለ ሱቁ የነገሩኝን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ላምባ በጠርሙስ ይሸጥ ነበር። አቡጀዲ በክንድ። ቁመቱ ረዘም ያለ ልጅ ተመርጦ ይላክ ነበር ክንዱ እንዲረዝም። ስኳር በሲኒ። አያቴ ዱቤ በደብተር ይጽፍ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እምዬ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ከበሩ ጀርባ በከሰል ትጭር ጀመር። ለያንዳንዱ ባለዕዳ የራሱ ምልክት አለው። ለቄሱ መስቀል፣ ለአናጢው መጋዝ። "ለኔ ምን እንደነበር ታውቃለህ? አፍ! ወሬ አበዛለሁና" ብለው ሳቁ። በዓመት አንዴ ለፋሲካ ግድግዳው ሲለቀለቅ ዕዳው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ያልከፈለ ሰው እስከ ስቅለት ያስመሽ ነበር ይባላል።

እያወሩ ማስታወሻ እይዛለሁ። ድንገት ዝም አሉ። እጄን እያዩ ነው።

"ግራኝ ነህ?"

"አዎ እማሆይ።"

"ከማን ወረስከው?"

"ከአያቴ ነዋ።" ፎቶውን አወጣሁ። የሽማግሌው ነገር እስከዚህች ደቂቃ ስለ መንገዱ ብቻ ነበር የገባኝ። እጁ አልታሰበኝም። አፌ ውስጥ እያለ ነው ቃሉ የቀዘቀዘብኝ።

እማሆይ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና እስኪያስላቸው ሳቁ። "ውይ ይቺ ፎቶ! የመጣች ቀን ሰፈሩ ሁሉ አይደል የተዘባበተበት። 'ግራኝ ሆነህ መጣህ' እያሉ። እሱማ ተናዶ አልከፍልም ብሎ ነበር። አያትህ ምኑ ግራኝ! ቀኝ ነው እንጂ።"

"እምዬ ታውቅ ነበር?"

"አብራ አይደል እንዴ የሳቀች።"

ቆሎውን ማላመጥ አቆምኩ። መሐረቡ ታየኝ። አስተማሪው ፊት ቆማ "ይኸው!" ያለችበት ድምፅ።

"ግራኝስ እሷ ናት" አሉ እማሆይ፣ እንደ ቀላል ነገር። "በልጅነቷ አባቷ ግራ እጇን በመቀነት አስሮ ነው በቀኝ መብላት ያስለመዳት። እንዝርቷን ግን ማን ያስጥላት። ማታ ማታ በር ዘግታ በግራዋ ነበር የምታሾር።"

ስነሳ ዳቦ አስያዙኝ። ፎቶውን ልተውላቸው አልኩ፤ እምቢ አሉ። የበቅሎዋን ከሆነ ይሻላል አሉ። በቅሎዋ የሟች ባላቸው ነበረች፤ ሰውየውም እሳቸው ናቸው። ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

መልስ። ማርቆስ አውቶቡሱ ሲነሳ የጊዮርጊስ ቅዳሴ አልተፈታም ነበር። ደጀን ስንደርስ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ቀለበቱ ነገርኳት። ስለ ልጅቷና ስለ ቻርጀሩ። ስለ አያቴ እጅ ስነግራት ዝም አለች። ቁልቁለቱን ጀመርን።

"እማ፣ እምዬ ስትፈትል እንዝርቱን በየትኛው እጇ ነበር የምታሾረው?"

"እኔ እንጃ። በቀኟ ነዋ፣ እንደ ሰው።"

"እስቲ አስታውሺ።"

"ቆይ... ኩራዙ ከኋላዬ ነው። እኔ ባዘቶውን ይዤ ፊት ለፊቷ ነው የምቀመጠው። እንዝርቱ በዚህ፣ በቀኝ እጄ በኩል ነበር። ጉልበቴን ይነካኝ ነበር።" ስልኩ መንጫጫት ጀመረ። "ፊት ለፊቴ ከሆነች እኮ... ቆይ፣ በኔ ቀኝ በኩል ከሆነ የሷ..."

በረሃው ውስጥ ኔትወርኩ ጠፋ።